ዲቪኒቲ ኦሪጅናል ሲን 2፦ ብቻን ሲጫወቱት እና ለሁለት ሲጫወቱት

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ይህን ጌም ከቻላችሁ ከአንድ ሰው ጋር፣ በአንድ ቴሌቪዥን፣ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ተጫወቱት። እኔ መጀመሪያ ብቻዬን ከዳር እስከ ዳር ጨርሼዋለሁ፤ ወድጄዋለሁም። ከዚያ ከአክስቴ ልጅ ጋር እንደገና ከሀ ጀመርነው። ደሴቱ ያው ነው፣ ጠላቱ ያው ነው፣ ታሪኩም ያው ነው። ጭንቀቱ ግን ሌላ ሆነ። ደስታውም እንደዚያው።

ብዙ ሰው «ከባድ ጌም ከጓደኛ ጋር ይቀላል» ሲል እሰማለሁ። ለአንዳንድ ጌም እውነት ነው። ቦሱ (ትልቁ ጠላት) አንዱን ሲያሳድድ ሌላው ከኋላ ይመታዋል፣ በዚህ መሃል ታልፋላችሁ። ዲቪኒቲ ላይ ይህ አይሠራም። እዚህ ጓደኛችሁ የለኮሰው እሳት እናንተንም ያቃጥላል። ጓደኛችሁ ውሃ ላይ የለቀቀው መብረቅ እናንተንም ያደነዝዛል። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ያሰበውን ካላወቃችሁ ከጠላት በላይ የምትፈሩት እሱን ነው።

ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ጌሙን የሠራው ላሪያን የሚባል የቤልጂየም ድርጅት ነው። በ2023 ባልዱርስ ጌት 3ን አውጥቶ ዓለምን ያስደነቀው ያው ድርጅት ነው። ዲቪኒቲ ኦሪጅናል ሲን 2 ለኮምፒውተር የወጣው በ2017 ነው። ከመውጣቱ በፊት፣ በ2015፣ ተጫዋቾች ራሳቸው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጥተውለታል። እኔ ያለኝ በ2018 ለፕሌይስቴሽን 4 የወጣው የተስተካከለው ዕትም ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) እህቴ ከጅዳ ስትመጣ ዲስኩን ይዛልኝ መጣች። ዲስክ መሆኑ ጠቅሞኛል። በእኛ ኢንተርኔት ይህን የሚያህል ጌም ማውረድ ትዕግስት ይጨርሳል።

ደሴ ነው የምኖረው፣ ሆጤ አካባቢ። ቀን ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ እጫወታለሁ። እዚህ ጌም ቤት ስትገቡ የምታገኙት ባብዛኛው ኳስ ነው። በጨዋታ ይከፈላል፣ የተሸነፈ ጆይስቲኩን አስረክቦ ይነሳል። ያ የራሱ ሙቀት አለው፤ አልጠላውም። ዲቪኒቲ ግን ለዚያ ዓይነት ቤት አልተሠራም። ከ60 ሰዓት በላይ የሚወስድ ታሪክ ነው። ቤት ይፈልጋል፣ ጋቢ ይፈልጋል፣ የሚደጋገም ቡና ይፈልጋል። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከዚህ የተሻለ ማምሻ አላውቅም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሶርስ የሚባል ኃይል ያላቸው ሰዎች አሉ። ይህ ኃይል ከሌላ ዓለም አውሬ ይጠራል ተብሎ ስለሚፈራ ማጂስተሮች የሚባሉ ወታደሮች እየያዙ አንገታቸው ላይ ማነቆ ያስሩባቸዋል። ከዚያ በመርከብ ጭነው ፎርት ጆይ ወደሚባል የእስረኞች ደሴት ይልኳቸዋል። እናንተም ከተያዙት አንዱ ናችሁ። መርከቧን የባሕር አውሬ ይሰብራታል፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ባዶ እጃችሁን ትነቃላችሁ። ጌሙ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ወዴት ሂዱ የሚል ቀስት የለም። ከእስር ቤቱ የሚወጣባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ የትኛውንም ማንም አይነግራችሁም።

ውጊያው ተራ በተራ ነው። አንድ ሰው በተራው አራት የእርምጃ ነጥብ ያገኛል። መራመድም፣ መምታትም፣ ድግምት መወርወርም ከዚያው ነው የሚቆረጠው። ያልተጠቀማችሁበት ለሚቀጥለው ዙር ይተላለፋል፤ ከስድስት ግን አያልፍም። በዚህ ላይ መሬቱ ራሱ ይዋጋል። ዘይት ላይ እሳት ብትጥሉ ይንቀለቀላል። እሳት ላይ ዝናብ ብታዘንቡ ይጠፋና እንፋሎት ይሆናል። ውሃ ላይ መብረቅ ብትለቁ የቆመበት ሁሉ ይደነዝዛል። ውሃው በረዶ ከሆነ የረገጠው ያዳልጠዋል። ጫማችሁ ላይ ሚስማር ብትመቱበት ግን አያዳልጣችሁም። ይህን የሚነግራችሁ የለም። ሚስማር አግኝታችሁ፣ ጫማ ይዛችሁ፣ «እስቲ ይህን ከዚህ ጋር ባገናኘውስ» ብላችሁ ነው የምታገኙት። ይህን ጌም የወደድኩት በዚህ ነው። ያሰባችሁትን ነገር ብዙ ጊዜ አስቀድሞ አስቦበታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኋላ ያስፈልገናል። እያንዳንዱ ተዋጊ ሁለት ዓይነት አርመር (መከላከያ) አለው፣ ፊዚካል እና ማጂክ። ሰይፍና ቀስት ፊዚካሉን ይቀንሳሉ፣ ድግምት ደግሞ ማጂኩን። ጠላትን መጣል፣ ማደንዘዝ፣ ማቀዝቀዝ የምትችሉት የሚመለከተው አርመር መጀመሪያ ሲያልቅ ነው።

ብቻዬን ስጫወት አራቱንም ሰዎች የምመራው እኔ ነበርኩ። ሶፋው ላይ አንድ ሰው፣ ስክሪኑ ላይ አራት። ይህ ትልቅ ነፃነት ነው። አንዷን ኮረብታ ላይ ከነቀስቷ አወጣለሁ። አንዱን ከጠላት ጀርባ እደብቀዋለሁ። ሦስተኛው የዘይት በርሜል ተሸክሞ ሄዶ የጠላት እግር ሥር ያስቀምጣል። አራተኛዋ ራቅ ብላ እሳት ይዛ ትጠብቃለች። ከዚያ አንዱ ሄዶ ያናግራቸዋል። ወሬው ሳያልቅ ውጊያው በእኔ ፍላጎት፣ በእኔ ቦታ ይጀመራል። ካልሆነ ሴቭ ያደረግኩትን ከፍቼ እንደገና እሞክራለሁ። ማንንም «ትንሽ ታገሰኝ» አልልም። ከሥራ ደክሞኝ ስመጣ አንድ ውጊያ ብቻ ተጫውቼ አጥፍቼ እተኛለሁ።

ታሪኩንም የጠጣሁት ብቻዬን ሳለሁ ነው። ይህ ጌም ወሬው ብዙ ነው፤ ያገኛችሁት ሰው ሁሉ ድምፅ አለው። ፔት ፓል የሚባለውን ችሎታ ከወሰዳችሁ ደግሞ እንስሳት ያናግሯችኋል። ውሻ ጌታውን ይናፍቃል፣ አይጥ የሰማችውን ሚስጥር ትነግራችኋለች። በፍጹም ሳትወስዱት አትጀምሩ። ፎርት ጆይ ውስጥ አንዲት ጥቁር ድመት ትከተላችኋለች። በሩ አካባቢ የሚጠብቁት ቀስተኞች ካዩዋት ይገድሏታል። ከእስር ቤቱ በሕይወት ካስወጣችኋት ግን የእናንተ ትሆናለች፤ በፈለጋችሁ ጊዜ ትጠሯታላችሁ። ብቻዬን ሳለሁ ለዚህች ድመት ስል መንገድ ቀይሬ፣ ተደብቄ፣ ቀስ ብዬ ነው የወጣሁት። ማንም አላጣደፈኝም።

ታዲያ ምን ጎደለ? አራቱም ሰዎች የሚያስቡት በእኔ ጭንቅላት ነው። ዘይቱን የሚያስቀምጠውም እሳቱን የሚለኩሰውም እኔው ነኝ። እቅዱ ሲሠራ ደስ ይላል፤ አያስደነግጥም ግን። ወደ መጨረሻው ላይ የራሴን አካሄድ አወቅሁት። ቴሌፖርት ማለት አንዱን ካለበት አንስቶ ሌላ ቦታ የሚጥል ድግምት ነው። ቴሌፖርት፣ ዘይት፣ እሳት። ቴሌፖርት፣ ዘይት፣ እሳት። ጠላቱ ቢለዋወጥም እኔ አልተለዋወጥኩም።

የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው። ቅዳሜና እሁድን እኛ ጋ ያሳልፋል። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ «እታለም» ነው የሚለኝ። ኳስ ላይ ጎበዝ ነው። እንዲህ ዓይነት ጌም ነክቶ አያውቅም ነበር። ሁለተኛ ጆይስቲክ ሰጠሁትና ገባ። በቃ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ኢንተርኔት የለም፣ ክፍያ የለም። ስትራራቁ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፣ ስትቀራረቡ መልሶ አንድ ይሆናል። እኔ ሁለት ሰው እመራለሁ፣ እሱ ሁለት።

ገና ከጅምሩ፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ፣ አዞዎቹ አሉ። ብዙ ሰው ያላለፋቸው አዞዎች ናቸው። አንዱ ቴሌፖርት ያደርጋል። ሲሞቱ ቴሌፖርት የሚያደርግ ጓንት ስለሚገኝባቸው አይታለፉም። ብቻዬን ሳለሁ ከፍ ካለ ቦታ በቀስት ተራ በተራ ጨረስኳቸው። ንጹህ ሥራ ነበር። ከእሱ ጋር ስንገባ እኔ እሳት ሲይዘኝ ለማጥፋት ዝናብ አዘነብኩ። እሱ ዝናቡን ሲያይ ዓይኑ በራ። ውሃው ላይ መብረቅ ለቀቀ። አዞዎቹ ደነዘዙ። የእኔም ሁለቱ ሰዎች ውሃው ውስጥ ነበሩ።

«እታለም፣ አንቺ እዚያ ነሽ እንዴ?» አለኝ።

ከሳቅ የተነሳ ጆይስቲኩን ማየት አቃተን። እማዬ ከጓዳ «ምን ሆናችሁ?» እያለች መጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ነገሩ ገባን። ውጊያ ሲጀመር አንዱ ተራውን ከመጠቀሙ በፊት ያስበውን ይናገራል። «መብረቅ ልለቅ ነው፣ ከውሃው ውጪ።» «ቆይ፣ ሁለት እርምጃ ልራቅ።» ተራ በተራ ስለሆነ የሚያጣድፍ የለም። አንድ ውጊያ ላይ ከመዋጋታችን በላይ እንመካከራለን። ይህ ምክክር ነው ለእኔ ጌሙ። ብቻዬን ሳለሁ በዝምታ ያለፈው ነገር ሁሉ አሁን ጮክ ብሎ ይነገራል፣ ይከራከሩበታል፣ ይሻሻላል። እሱ የሚያመጣውን ሐሳብ እኔ መቼም አላመጣውም ነበር። እኔ ጠላትን ወደ እሳት አነሳለሁ። እሱ የራሱን ሰው ቴሌፖርት አድርጎ ከጠላት መሃል ይጥለዋል፤ ጠላት ሁሉ እሱን ሲከብ እኔ ዙሪያውን እለኩሳለሁ። «ሰውህ ይቃጠላል!» ስለው «ማጂክ አርመሩ ሙሉ ነው፣ ተይው» ይለኛል። ልክ ነው፤ ሙሉ ነበር።

የአርመሩ ነገር ደግሞ ለሁለት ስትሆኑ እውነተኛ ፈተና ይሆናል። እኔ ድግምተኛ ነኝ፣ እሱ ሰይፍ ይወዳል። እኔ የጠላትን ማጂክ አርመር እየሸረሸርኩ እሱ የዚያኑ ጠላት ፊዚካል ይሸረሽራል። ሁለታችንም እንለፋለን፣ ጠላቱ ቆሞ ያየናል። ብቻውን የሚጫወት ሰው ይህን ቶሎ ያስተካክላል፤ አራቱንም ወደ አንድ ዓይነት ያዘነብላል። ሁለት ሰው ሲሆን ግን እያንዳንዱ የሚወደው አለው። «ሰይፍህን ተው» አይባልም። የደረስንበት መፍትሔ ጠላት መከፋፈል ነው። ማጂክ አርመሩ የሳሳ የእኔ ነው፣ ፊዚካሉ የሳሳ የእሱ። አንዱ የራሱን ሲጨርስ ወደ ሌላው አይገባም፣ ካልተጠራ።

ስርቆቱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። እዚህ ጌም ላይ ነጋዴን መስረቅ ይቻላል። ነጋዴው ሲሰረቅ እንዳያይ አንድ ሰው ወሬ ይይዘዋል፣ ሌላው ከኋላ ኪሱን ያራግፋል። ብቻችሁን ስትሆኑ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እየቀያየራችሁ ታደርጉታላችሁ፤ ይሠራል፣ ሞቅ ግን አይልም። ለሁለት ሲሆን ልብ ያስመታል። እኔ ዋጋ እከራከራለሁ፣ እሱ ያጎነብሳል። «ቶሎ በል» እላለሁ። «አልጨረስኩም፣ አውሪው» ይላል። ነጋዴው እንደተሰረቀ ሲያውቅ አካባቢውን ይፈልጋል፣ ያገኘውን ይጠይቃል። ስለዚህ እሱ ሰፈሩን ለቆ ይሮጣል፣ እኔ ባዶ ቦርሳዬን አስፈትሼ በሰላም እሄዳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጌሙ የራሳቸው ታሪክ ያላቸው ስድስት ሰዎች ያቀርባል፤ ከፈለጋችሁ አንዱን መርጣችሁ እሱን ትሆናላችሁ። እኔ ሰቢልን መረጥኩ። ኤልፍ ከሚባለው ዘር ናት፤ በባርነት የኖረች። ያሰቃዩዋትን ሰዎች ስም ይዛ አንድ በአንድ ትፈልጋቸዋለች። የአክስቴ ልጅ ሬድ ፕሪንስን መረጠ። ከአገሩ የተባረረ የእንሽላሊቶች ልዑል ነው፤ ዙፋኑን ይፈልጋል። ፎርት ጆይ ውስጥ ስቲንግቴይል የሚባል አንድ ሽማግሌ እንሽላሊት አለ። ሰቢል ይህን ሰው ልትገድለው ትፈልጋለች። ሬድ ፕሪንስ ደግሞ ይህንኑ ሰው ይፈልገዋል፤ ሕልሙን የሚፈታለት እሱ ነው።

ብቻዬን ሳለሁ ይህ ቀላል ነበር። መጀመሪያ ልዑሉን ላክሁ፣ አወራ፣ የሚፈልገውን አገኘ። ቀጥሎ ሰቢልን ላክሁ። ሁለቱም የእኔ ስለሆኑ የተጣላ የለም። የሁለቱን ፍላጎት በወረፋ አስተናገድኩ፣ ጨረስኩ።

ከእሱ ጋር ስንደርስ ግን እኔ ሰቢልን ይዤ ቀድሜ ደረስኩ። ሰውዬውን አገኘሁት። ምርጫው ስክሪኔ ላይ ወጣ። የአክስቴ ልጅ ከሩቅ እየሮጠ ነበር። ጌሙ ላይም፣ ሶፋው ላይም ብድግ ብሎ፦

«እታለም ተይ! ተይ! መጀመሪያ ላናግረው!»

ያን ጊዜ ሰቢልን ሆኜ ነበር። ሰውዬው ምን እንዳደረጋት አውቃለሁ። የእሱ ልዑል ዙፋን ለእሷ ምኗም አይደለም። እሱ ደግሞ ልዑሉን ሆኖ ነው የሚለምነኝ። «አንቺ በቀልሽን ነገም ታገኚዋለሽ፣ እኔ ግን ይህ ከሞተ ሕልሜን የሚፈታልኝ የለም» አለኝ። ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመን ነው ይህን የምንባባለው። ቡናው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ጠበቅሁት። አናገረው። ስለ ሕልሙ ሲነገረው ሁለታችንም ዝም ብለን አዳመጥን። ከዚያ ዞር አለና «በይ፣ ያንቺው ነው» አለኝ። በዚያ ሰዓት መግደሉ ከበደኝ። ሰውዬው ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ብቻዬን ስጫወት ያው ንግግር አልፎ ነበር፤ እንዲህ ግን አልተሰማኝም።

ጌሙ ይህን አውቆ ነው የሠራው። ታሪኩ ሲገፋ አንድ ነገር ትረዳላችሁ፤ ሁላችሁም የምትሄዱበት ትልቅ ሥልጣን፣ ዲቫይን መሆን፣ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። አብራችሁ እየተዋጋችሁ፣ እየተፈወሳችሁ፣ እየተሸካከማችሁ፣ ውስጥ ለውስጥ ተፎካካሪ ናችሁ። ብቻውን የሚጫወት ሰው ይህን ያነበዋል። ለሁለት የሚጫወት ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን ቀና ብሎ ያየዋል።

የሚጎዳውንም ልናገር። ለሁለት ስትሆኑ ታሪኩ ይሰባበራል። አንዱ ሰው ሲያናግር ሌላው ጆሮውን ማዋስ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አያውስም። እኔ መንፈስ እያናገርኩ እሱ በርሜል ይከፍታል። እሱ ከባድ ውሳኔ ሲወስን እኔ ገበያ ላይ ነኝ። ድመቷን እንኳ በዚህ ምክንያት ነው ያጣናት። እኔ ተደብቄ እየሄድኩ ሳለ እሱ ሌላ በር ላይ ውጊያ ጀመረ፣ ስሮጥለት ተከተለችኝ፣ ቀስተኛው አያት። አዘንን፤ የእውነት አዘንን። ስለዚህ ታሪክ ለሚወድ፣ ሁሉን ማንበብ ለሚፈልግ፣ ምክሬ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ብቻችሁን ተጫወቱት። ሁለተኛውን ዙር ከሰው ጋር። ያኔ እናንተ የምታውቁትን እሱ ሲያገኘው ማየት ራሱ ይጣፍጣል። አደራ፣ ቀድማችሁ አትንገሩት።

ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ፣ ሪፐርስ ኮስት፣ ብላክፒትስ የሚባል የዘይት ጉድጓድ ሜዳ አለ። ግዊዲያን የሚባል እስረኛ አስፈትታችሁ ስትወጡ ከዘይቱ ውስጥ ጭራቆች ይነሳሉ። ሜዳው በሙሉ ይነዳል። እሳቱ ደግሞ የተረገመ እሳት ነው፤ ዝናብ አያጠፋውም። የቡራኬ ድግምት ግን ይሠራበታል። ያዳናችሁት ሰው ደግሞ መሃሉ ላይ ነው፤ እንዳይሞት ትፈልጋላችሁ። ጌሙን የተጫወተ ሁሉ ይህን ውጊያ ያስታውሰዋል። ረመዳን ነበር፣ ከተራዊህ በኋላ ጀመርነው። ሞትን። እንደገና። ሞትን። ብቻዬን ብሆን ያን ሌሊት አጥፍቼ እተኛ ነበር። እሱ «ግዊዲያንን እኔ ቴሌፖርት አድርጌ ከሜዳው ላውጣው፣ አንቺ ዘይቱ ሳይነድ በፊት ወደ ላይ ውጪ» አለ። እኔ ሁሉንም በቡራኬ ለማዳን ነበር የምታገለው። እሱ መሸሽ ነው ያሰበው። ሰውዬውን አሸሸነው፣ ከፍታ ላይ ቆመን ጠበቅናቸው፣ ጭራቆቹ በራሳቸው እሳት መሃል ወደ እኛ መጡ። ሲያልቅ እማዬ ለሱሑር ልትቀሰቅሰን መጥታ ነቅተን አገኘችን። «ያ ሰውዬ ዳነላችሁ?» አለች። ስሙን ባታውቀውም ስትመላለስ ስትሰማ እሷም አስባለት ነበር።

ከሁለት በላይ ስለመሆን አጭር ልበል። ጌሙ እስከ አራት ሰው ይቀበላል፤ በአንድ ፕሌይስቴሽን ግን ሁለት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ኢንተርኔትና የፕሌይስቴሽን ፕላስ ክፍያ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ካለች ጓደኛዬ ጋር በኢንተርኔት ሞክረነዋል። ተራ በተራ ስለሆነ መስመሩ ቢንቀራፈፍም አይገድላችሁም። ሲቋረጥ ግን ሙዱ አብሮ ይሄዳል። በዚያ ላይ ጨዋታው የሚቀመጠው በከፈተው ሰው ማሽን ላይ ነው። እሷ ከሌለች የእሷ ሰዎች እኔ ጋ ቆመው ይጠብቃሉ። አራት ሰው ሆናችሁ ደግሞ አንድ ሰው አንድ ተዋጊ ብቻ ይይዛል፤ ተራችሁ እስኪደርስ ሻይ ይጠጣል፣ ስልክ ይነካካል። ሁለት ልኩ ነው። ሁለት ለሁለት።

ሁለት ብቻ ሆናችሁ፣ ረዳት ሳትጨምሩ፣ እያንዳንዳችሁ አንድ ተዋጊ ይዛችሁ መጫወትም ይቻላል። ሎን ዎልፍ የሚባለውን ችሎታ ትወስዳላችሁ፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ቡድን የተሠራ ነው። የእርምጃ ነጥባችሁ ይጨምራል፣ ጉልበታችሁም። ፈጣን ይሆናል። እኔ ግን አልወደድኩትም። ሁለት ተዋጊ የያዘ ሰው አንዱን መሥዋዕት ማድረግ ይችላል፤ ጥሩ ጥሩ እቅድ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ጉድለቱ? ጽሑፉ ትንሽ ነው። ሶፋ ላይ ሆናችሁ፣ ስክሪኑ ለሁለት ሲከፈል ደግሞ፣ ማንበብ ዓይን ያደክማል። ወንበር አስጠግቱ። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ አንዱን ሥፍራ ከፍቶ እስኪገባ ብዙ ያስጠብቃል፤ ተሸንፎ መመለስ የሚያናድደው በዚህ ነው። ዕቃ ማደራጀቱ አሰልቺ ነው። ውጊያ ባለቀ ቁጥር የማን ቦርሳ ውስጥ ምን እንዳለ መፈለግ አለ። የምንሰማውም የምናነበውም በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም ከበድ ባለ እንግሊዝኛ። ለአክስቴ ልጅ አንዳንዱን እኔ ነኝ የማስረዳው፤ ለዚህም ነው ወሬ ሲበዛ ወደ በርሜሎቹ የሚሄደው። ለትንንሽ ልጆች አይሆንም፤ ደሙም ወሬውም የአዋቂ ነው። መብራት ድንገት ስለሚሄድ ከእያንዳንዱ ውጊያ በኋላ ሴቭ አድርጉ። ይህን የምለው ለደሴ ሰው ብቻ አይደለም።

የክብደት ደረጃውን ለመጀመሪያ ጊዜ ክላሲክ ላይ አድርጉት። ከከበደ ወደ ኤክስፕሎረር መሃል ላይ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ታክቲሺያን ላይ ጠላቶቹ ተጨማሪ ችሎታ አላቸው፤ ከሰው ጋር ለሁለተኛ ዙር ያ ነው የሚመጥነው። ኦነር የሚባለው አንድ ሴቭ ብቻ ያለው ነው፤ አራታችሁም ከሞታችሁ ሴቩ ይጠፋል። ተዋጊያችሁን በተሳሳተ መንገድ ያሳደጋችሁ ከመሰላችሁ አትጨነቁ። ከፎርት ጆይ ስትወጡ በምታገኙት መርከብ ላይ መስታወት አለ፤ ሁሉን ነገር በነፃ እንደገና ታስተካክላላችሁ። የአክስቴ ልጅ ሰይፉን ትቶ ቀስት ያነሳው እዚያ ነው፣ ማንም ሳይለምነው።

ዲስኩን አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ ያገለገለው ያው ነው። ገንዘባችሁን ለሁለተኛው ጆይስቲክ አቆዩት። ያገለገለ ጆይስቲክ ከሆነ የምትገዙት ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ሁለቱንም ስቲክ ሞክሩ። ሳትነኩት በራሱ የሚንሸራተት ከሆነ ተዉት። ኳስ ላይ ምናልባት ትችሉታላችሁ። እዚህ ግን እሳቱን ለጠላት አነጣጥራችሁ ልትለቁ ስትሉ ዒላማው ትንሽ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ወደ ግራ ደግሞ የሚቆመው ጓደኛችሁ ነው።